«የስ» ከማለታችሁ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንዲት ጥያቄ ነው።

ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ሆናችሁ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በኔትወርክ በኩል ተሸፍኖ በሚገባበት መንገድ፣ ወደ አዲስ ሰርቨር ስትገቡ፣ ገና ከበሩ ላይ ያስቆማችኋል። ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ ፊንገርፕሪንቱ ይሄ ነው፣ ልቀጥል ወይ? ይላችኋል። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ቁልፍ፣ ኪ፣ አለው፤ ፊንገርፕሪንቱ የዚያ ኪ አጭር መለያ ነው። ብዙዎቻችን ሳናነብ «የስ» ብለን እናልፋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ኤስኤስኤች ለምን መጣ? በ1995 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ፣ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስዎርድ የሚለቅም ፕሮግራም ተደብቆ ተገኘ። ያኔ ሰው የሚገባው በቴልኔት ነበር፤ ፓስዎርዱ ምንም ሳይሸፈን ነው የሚሄደው። ታቱ ዩሎነን የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤስኤስኤችን ጻፈ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በነፃ ለቀቀው። እያንዳንዱ አገልግሎት ፖርት የሚባል የበር ቁጥር አለው፤ ፋይል የሚላክበት ኤፍቲፒ 21 ነው፣ ቴልኔት 23። ዩሎነን ሁለቱንም ሊተካ ነው ያሰበው፤ ስለዚህ መሃላቸው ያለችውን 22ን ጠየቀ፣ ሰጡት። እንዴት ደስ እንደሚለኝ ይሄ ታሪክ!

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ኢንክሪፕሽኑ፣ ማለትም የምንልከው በምስጢር ኮድ መሸፈኑ፣ መሃል ላይ ያደፈጠ ሰው እንዳያነብ ያደርጋል። ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ራሱ አስመሳይ ከሆነስ? ያኔ ፓስዎርዳችሁን በእጃችሁ ነው የምታስረክቡት። በፓስዎርድ ፈንታ በራሳችሁ ኪ የምትገቡ ከሆነ ትንሽ ይሻላል፤ ምስጢር የሆነው ፕራይቬት ኪው ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ቢሆንም እዚያ ገብታችሁ የምትጽፉትን ሁሉ አስመሳዩ ያያል።

ደግሞ አንዴ «የስ» ካላችሁ፣ የሰርቨሩ ኪ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የምትገቡበት ጊዜ ሁሉ የሚመሳከረው በዚያ መዝገብ ነው። መጀመሪያ የመዘገባችሁት የአስመሳዩን ከሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም። ኪው ተቀይሮ ሲገኝ ግን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ምናልባት ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ይሆናል፣ ምናልባት ሰው መሃል ገብቶ ይሆናል። የድሮውን ኪ ከመዝገቡ አጥፍቶ ከመቀጠል በፊት መጠየቅ ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰው በስልክ አግኙትና ፊንገርፕሪንቱን ያንብብላችሁ። ክላውድ ላይ ከሆነ በድረ ገጹ ኮንሶል ገብታችሁ በኤስኤስኤች ኪጅን፣ የኪን ፊንገርፕሪንት በሚያሳየው ትዕዛዝ፣ ራሳችሁ አውጡት። በአዲሶቹ ቨርዥኖች «የስ» በማለት ፈንታ ያንኑ ፊንገርፕሪንት ፔስት ማድረግ ትችላላችሁ፤ ካልገጠመ አያስገባችሁም። እኔ አሁን ለሰው የሰርቨር አድራሻ ስሰጥ ፊንገርፕሪንቱንም አብሬ ነው የምሰጠው፤ እናንተም ለምትሰጡት ሰው እንደዚያ አድርጉ።