ሃርድ ዲስኩ አልሞተም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ከሐዋሳ ነው የምቀዳው። ከጀርባ የሚሰማችሁ ባጃጅ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ሞክሬ ነበር፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ።

የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ያለው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ኮፒ የለውም። አዎ፣ ስደቡኝ፣ ይገባኛል። የአክስቴ ልጅ ተውሶት ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ ፊልም ሲገለብጥበት መብራት ሄደ። ነቅሎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ማታ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። የእኔ ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ ነው። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ግን አይከፈትም። «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ፣ ባድ ኦፕሽን፣ ባድ ሱፐርብሎክ» ይለኛል። «ባድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሳይ እጄ ቀዘቀዘ። በነጋታው ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳ አላየውም።

«ፎርማት ነው ወንድሜ፣ ሌላ መላ የለውም።»

ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር! እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያንን ሠርግ ክፈትላቸው» ትላለች። እኔ ግን ለመቅበር ቸኮልኩ።

ቤት መለስኩት። ገመድ ቀየርኩ፣ ሌላ ዩኤስቢ ላይ ሰካሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍቼ የተሰኩ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስቢኤልኬ» ጻፍኩ። ኤስዲቢ1፣ 931 ጊጋ። ባለ 1 ቴራ ዲስክ እዚያ ላይ እንዲህ ነው የሚታየው። አለ ማለት ነው! ቀጥዬ «ዲሜሴጅ» አልኩ። ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ የታዘበውን ሁሉ ይዘረግፈዋል። ከታች አንድ መስመር፦ «ቮልዩም ኢዝ ዲርቲ»። ቆሻሻ ነው እያለኝ ነው። ሳቄ መጣ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ መጻፍ ሲጀምር ምልክት ያደርጋል፣ በሥርዓት ሲዘጋው ምልክቱን ያነሳል። መብራት ሲሄድ ማን ያንሳው? በፈረንጆቹ 2021 ከከርነል 5.15 ጋር የመጣው፣ የዊንዶውስ ዲስክ ሊኑክስ ላይ የሚከፍተው ኤንቲኤፍኤስ3 ድራይቨር ደግሞ ያንን ምልክት ካየ፣ ካላስገደዱት በቀር፣ እንዲጻፍበት አድርጎ አይከፍተውም። ጥንቃቄ ነው እንጂ ክፋት አይደለም።

ለማንበብ ብቻ ግን ይከፍታል። ዲስኩን ክፈት የሚለውን «ሱዶ ማውንት» ብዬ፣ ለማንበብ ብቻ የሚለውን «ማይነስ ኦ አርኦ» ጨመርኩበት። ተከፈተ። ሌላ ምንም ሳልነካ ቪዲዮውን ገለበጥኩ። ሊኑክስ ላይ «ኤንቲኤፍኤስፊክስ» የሚባል የጥገና ትእዛዝም አለ፣ ግን ሙሉ ጥገና አይሠራም። ስለዚህ ዲስኩን የአክስቴ ልጅ ዘንድ ወስጄ ዊንዶውስ ላይ የዲስክ ስህተት የሚጠግነውን «ቼክዲስክ» አስኬድኩለትና በሥርዓት ኢጀክት አድርጌ አወጣሁት።

ቪዲዮው እየተገለበጠ እያለ እማዬ ብቅ አለች።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«መብራት ሄዶበት ነው፣ እማዬ።»

«እሱ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሄደው?»