ለረጅም የተራራ ሩጫ የትኛውን የውሃ ቦርሳ ልግዛ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የደወለ ወጣት)፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ላይ ሦስት፣ አራት ሰዓት እንሮጣለን። እስካሁን ሃይላንድ በእጄ ይዤ ነበር። አሁን የውሃ ቦርሳ ልገዛ ነው፤ ሻጩ «ባለ 12 ሊትሩን ውሰድ፣ ትልቅ ይሻላል» አለኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እስቲ አንተም አንድ ነገር መልስልኝ፤ በምትሮጥበት መንገድ ላይ ውሃ የምታገኘው የት ነው? ቦርሳውን የሚመርጥልህ ይሄ ነው እንጂ ሻጩ የጠራልህ ሊትር አይደለም። ደግሞ 12 ሊትር ሲባል ያን ያህል ውሃ ይይዛል ማለት አይደለም፤ ጃኬቱ፣ ምግቡና ስልኩ ሁሉ የሚገባበት የቦርሳው ጠቅላላ ስፋት ነው። ውስጡ የሚቀመጠው የውሃ ከረጢት ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 2 ሊትር ነው። ሞን ብላን ተራራን የሚዞረው ዩቲኤምቢ የተባለው ውድድር ከ170 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ሯጩ የግድ እንዲይዝ የሚጠየቀው ግን ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ የሚችል ዕቃ ነው። ለምን ቢባል በየመሀሉ የሚሞላበት ቦታ አለ።

አንተ መንገድ ላይ ውሃ ከሌለህ ልክህን በሚዛን እወቅ። ከመሮጥህ በፊት ሽንት ቤት ገብተህ፣ ልብስህን አውልቀህ ተመዘን። በለመድከው ፍጥነት አንድ ሰዓት ሩጥ፤ ላብህን ጠርገህ እንደገና ተመዘን። ግማሽ ኪሎ ከጎደለ ግማሽ ሊትር ገደማ ወጥቷል ማለት ነው፤ በመሀል የጠጣኸውን ትደምርበታለህ። የወጣውን ሁሉ እዚያው መተካት የለብህም። የጓደኛህን ልክ ደግሞ አትዋስ፤ ሰው ከሰው በጣም ይለያያል፣ አንተው ራስህ እንኳ ማለዳ በብርዱና ስድስት ሰዓት ላይ በፀሐዩ አንድ አይደለህም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ልብስህን ሳያርስ ይተናል፣ በትንፋሽም ብዙ ውሃ ይወጣል፤ አላበኝም ብለህ እንዳትታለል።

በእኔ ግምት ለአራት ሰዓት ከ5 እስከ 8 ሊትር ያለው፣ ባለ 1.5 ሊትር ከረጢትና ደረቱ ላይ የግማሽ ሊትር ተጣጣፊ ኮዳ መያዣ ያለው ይበቃሃል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን ተወውና እንደ ሰደርያ ደረትህን አቅፎ የሚይዘውን ምረጥ። ደረትህን በሜትር ተለካ፤ ልኩ የሚወጣው ከደረት ዙሪያ ነው። ከዚያ አደራህን፣ ባዶውን ለብሰህ አትግዛ። ውሃ ሞልተህ፣ ስልክህንና ጃኬትህን ከትተህ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዝለል፣ እጅህን እያወዛወዝክ ሶምሶማ ሩጥ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የዘለለ ቦርሳ በሦስተኛው ሰዓት አንገትህን ይልጠዋል። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው፤ ያልሞከርኩትን አዲስ ቦርሳ ለብሼ ረጅም ሩጫ ወጥቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮሌታ ያለው ልብስ መልበስ አልቻልኩም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወለች እህት)፦ በኅዳር ጄኤፍኬ 50 ማይል የሚባለውን የሜሪላንድ ውድድር ልሮጥ እየተለማመድኩ ነው። ከጀርባው ከረጢትና ከፊት ኮዳዎች የትኛው ይሻለኛል? ሰውነቴ ውሃ እንዳያጥረው ስለምፈራ ሳይጠማኝም ቶሎ ቶሎ እጠጣለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በርቺ። የፊት ኮዳዎቹ። ውድድሩ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ውሃ የሚሰጥባቸው ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ድንጋያማው የአፓላቺያን የተራራ እግር መንገድ አለ፤ እዚያ ሁለቱም እጅሽ ነፃ መሆን አለበት፣ እግርሽ የሚያርፍበትን እያየሽ ነው የምትሮጪው። ከዚያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የቦይ መንገድ ወደ 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ ነው። ጣቢያ ላይ ኮዳ አውጥቶ መሙላት ጊዜ አይፈጅም፤ የጀርባውን ከረጢት ለመሙላት ግን ቦርሳውን ማውለቅ አለብሽ፣ የቀዘቀዘ ጣት ደግሞ አይታዘዝም። ኮዳው ምን ያህል እንደጠጣሽም ያሳይሻል። ሴቶች የሚለብሱት ተብሎ የተሠራውን ሞክሪ፤ ማሰሪያዎቹ ከጡት በላይና በታች ሲያርፉ መተንፈስ አይከለክሉም፣ ኮዳውም ጡት ላይ አይጫንም።

ሳይጠማኝ እጠጣለሁ ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ከመጠን በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚገኘውን ንጥረ ነገር፣ ያቀጥነዋል፤ ሰው ሊገድልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከጨረሱ 488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከመጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል። ከሁሉ በላይ ከዚህ ጋር ተያይዞ የታየው ሲሮጡ ክብደት መጨመራቸው ነው፤ ማለትም ካላባቸው በላይ ጠጥተዋል። የጨው ክኒን መዋጥ አብዝቶ የጠጣን ሰው አያድነውም። ሲጠማሽ ጠጪ። ጣቶችሽ አብጠው ቀለበትሽ ከጠበበሽ፣ ራስሽን ካመመሽና ካቅለሸለሸሽ፣ የምታወሪው ከተምታታብሽ መጠጣቱን አቁመሽ ወዲያው ወደ ሕክምና ድንኳን ሂጂ። ሰዉ ድክመት መስሎት ሌላ ውሃ ሊያጠጣሽ ይሞክራል፤ አትቀበዪ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ የደወሉ አባት)፦ ልጄ ሯጭ ናት። ዘመድ ከውጭ የላከላት የውሃ ቦርሳ መሽተት ጀመረ፣ ቱቦውም ውስጡ ጠቆረ። በሶ በጥብጣ ትሞላበታለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ በሶው ነው። በሶ ለሯጭ ጥሩ ስንቅ ነው፣ ቱቦ ውስጥ ግን ይቀርና ይሻግታል፤ ስኳር ያለበት መጠጥም እንዲሁ ነው። ከረጢቱን ለብ ባለ ውሃና በሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሞልታ ግማሽ ሰዓት ታቆየው፣ ውሃውን በቱቦውም ታሳልፈው። በጥርስ የሚያዘውን ጫፍ ነቅላ ለብቻው ትጠበው። ከዚያ ውስጡ እንዳይጣበቅ ማንኪያ ከትታ፣ አፉን ከፍታ ታንጠልጥለው፤ እርጥብ ሆኖ መታጠፍ የለበትም። የጠቆረው ቱቦ ታጥቦ ካልለቀቀ ይጣልና ሌላ ይገዛ፤ ቱቦው ለብቻው ይሸጣል። በሶዋን አፉ ሰፊ በሆነ ኮዳ ትያዝ፣ ከረጢቱ ለንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን። ውሃ ስትሞላም ከዘጋችው በኋላ ገልብጣ አየሩን በቱቦው ትምጠጠው፤ ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ አይንቦጫረቅም።