ጀልባችን ለምን ዛጎል አበቀለች?

(በሲያትል የቀድሞ ባህረኞችና ቤተሰቦቻቸው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የድሮ የመርከብ ጓደኞቼ፣ እንዲሁም እዚሁ ሲያትል ተወልዳችሁ በወላጆቻችሁ ጉትጎታ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ሊቀመንበራችን አስር ደቂቃ ሰጥተውኛል። «ስለ ጥገና አጭር ሪፖርት አቅርብ» ነው ያሉኝ። ሪፖርቱ አጭር ነው። ጀልባችን ታማለች። ያሳመምናት እኛው ነን። የቀረውን ጊዜ ይህን ለማስረዳት እጠቀምበታለሁ። ሰዓት ካለፈብኝ ቀጣዩ ተናጋሪ ይቅር ይበለኝ። እሱ የሚያቀርበው የሒሳብ ሪፖርት ስለሆነ ቢዘገይ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያለፈውን እንቁጣጣሽ ታስታውሳላችሁ። በዓሉን ሌክ ዩኒየን ሐይቅ ላይ፣ ጀልባችን ላይ እናክብር ተባለ። ድፎ ዳቦ ተጋገረ። ቡና ተፈላ። አበባ የያዙ ልጆችም ነበሩ። ጀልባችን ከምታርፍበት ከሺልሾል ተነስቶ፣ ጀልባዎችን ከባህሩ ወደ ሐይቁ የሚያሳልፈው ባላርድ ያለው የውሃ በር ድረስ ቅርብ ነው። ነፋስ ስላልነበረ ሸራውን ሳንዘረጋ በሞተር ሄድን።

ሄድን ስላችሁ፣ ሞተሩ ጮኸ ማለቴ ነው። ጀልባዋ ግን አትሄድም። አንዱ «ማርሽ አልገባም» አለ። አንዱ «ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል» አለ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ማዕረጋቸውን አልጠራም፣ «ሞገዱ ነው» አሉ። ባህሩ እኮ ያን ቀን ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር! አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በካያክ እየቀዘፉ አለፉን። ሰላምታም ሰጡን። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛ አልሳቅንም።

እኔ የማሽን ክፍል ልጅ ነኝ። ዓይኔ የሙቀት መለኪያው ላይ ነበር። መርፌው ቀስ እያለ ወጣ። የውሃው በር ፊት ለፊት ተራ ይዘን ሳለን፣ ከፊታችን ትልልቅ ጀልባዎች፣ ከኋላችንም የዓሣ አጥማጆች መርከብ እያለ፣ የማስጠንቀቂያው ፉጨት ጮኸ። ሞተሩን አጠፋሁት። አሁን ጀልባዋ በራሷ ፈቃድ መንሳፈፍ ጀመረች። የመርከብ አዛዥ የነበሩ፣ የመድፍ ኃላፊ የነበሩ፣ የሬዲዮ ባለሙያ የነበሩ፣ ሁሉም በአንዴ ትዕዛዝ ይሰጣሉ። ገመድ የሚይዝ ግን አንድም የለም! በመጨረሻ ገመድ የወረወረልን አንድ የማናውቀው ወጣት ነው። እየጎተተ ወደ ሺልሾል መለሰን። በዓሉ ማረፊያዋ ላይ ተከበረ። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። እዚህ ካላችሁት መጥታችሁ ያያችኋት ጥቂቶች ናችሁ። የፕሮፔለሩ ስለት አይታይም። ባርናክል የሚሉት፣ ጀልባና ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ባለዛጎል የባህር ፍጡር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦበታል። አንዱ ሌላው ጀርባ ላይ ቤት ሠርቷል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበት ወንፊት አለ። እሱ ተደፍኖ የቀረችው ቀዳዳ እርሳስ አታስገባም። ሞተሩ የታፈነው በዚያ ነው። መሪዋንና ኪሏን፣ ከሆዷ ሥር የሚወርደውን ክንፍ፣ በእጄ ዳበስኩ። ጓንቴን ቀደደው።

ለመሆኑ ይህ ፍጡር ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ምጽዋ ሳለን ከቀንድ አውጣ ዘር ይመስለን ነበር። አይደለም። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው። ከተፈለፈለ በኋላ በዓይን እምብዛም በማይታይ መጠን ባህር ላይ ይንሳፈፋል። ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል። የመጨረሻው የእጭነት ደረጃ ላይ ሲደርስ መብላት ያቆማል። ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ቤት ፍለጋ! በሁለት ትንንሽ አንቴናዎቹ ይረግጣል፣ ያሸታል፣ ካልወደደው ተነስቶ ይሄዳል። ከወደደው ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ በሙጫ ይለጠፋል፣ ዙሪያውን የኖራ ግድግዳ ይሠራል፣ ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያበጃል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን በእግሩ ምግብ እየጠለፈ ይኖራል። ቻርልስ ዳርዊን ስምንት ዓመት ሙሉ አጥንቶታል። እኛ አምስት ደቂቃ ብንሰጠው አይበዛበትም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ እጭ ከሁሉ በላይ የሚወደው የራሱ ዘመድ የኖረበትን ቦታ ነው። አሮጌው ዛጎል ተፍቆ መሠረቱ፣ ያ ነጩ ክብ ቀለበት፣ ከቀረ አዲሱ እጭ ሽታውን ለይቶ እዚያው ያርፋል። ስለዚህ «ፍቀነዋል» ማለትና «አጽድተነዋል» ማለት ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

«ቀለም ተቀብታ የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ተቀብታለች። ጥሩ ቀለም ነው፤ ውስጡ የመዳብ ኦክሳይድ አለበት። መዳቡ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ሲወጣ እጩ ይሸሻል። የእኛው ደግሞ ለስላሳው ዓይነት ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃው ላዩን በስሱ እየላጨ አዲስ መዳብ ይገልጣል። ስትሄድ! ቆማ ከዋለች አይላጭም። ላዩ ላይ አተላ ይይዛል፣ ከስር ያለው መዳብ ይታፈናል፣ እጩም አተላው ላይ ተመችቶት ይቀመጣል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ የእንግሊዝ ኬሚስት ይህን ከኛ በፊት አይቶታል። ያኔ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሆዳቸው በመዳብ ንጣፍ ይሸፈን ነበር። መዳቡ በጨው እየተበላ አስቸገረ። ዴቪ ብረትና ዚንክ አያይዞ መዳቡን ከመበላት አዳነው። አድሚራሎቹ ደስ አላቸው። ብዙ ሳይቆይ መርከቦቹ በዛጎል ተሸፈኑ። መዳቡ የሚሠራው ሲሟሟ ነዋ! ቆጥበህ አስቀምጠኸው ይሠራልኝ ማለት አይሆንም።

የጀልባዋን መዝገብ ይዤ መጥቻለሁ። ይኸው። ሜይ ላይ የጀልባ ወቅት መክፈቻው ሰሞን ወጥታለች፤ ባንዲራም ተሰቅሏል። ጁን ባዶ ነው። ጁላይ ላይ አንድ መስመር አለ። «ለሠርግ ፎቶ አገልግላለች» ይላል። ከገመዷ አልተፈታችም! ሙሽሮቹ ወጡ፣ ተነሱ፣ ወረዱ። ኦገስት ባዶ ነው። ከዚያ በእንቁጣጣሽ ተነስተን ሂጂ አልናት።

ለምን አልወጣችም? ቁልፉ ኮሚቴው መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ነው። ለመውሰድ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ ፈራሚ ሥራ ላይ ነው፣ አንዱ አገር ቤት ሄዷል፣ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ይህን ደንብ ያወጣነው «ጀልባዋ እንዳትጎዳ» ብለን ነው። እንግዲህ አልተነካችም። ሰው የማይገባበትን ቤት አይጥ እንደሚወርሰው፣ እሷንም የወረሳት ባለቤት መጥቷል።

በየካቲት 1982 ከምጽዋ ከወጣን ወዲህ፣ በየስብሰባው፣ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ «ባህር አጣን» እንላለን። እኔም ብያለሁ። እሺ፣ አሁንስ? ባህሩ ከዚህ አዳራሽ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሆንም። ጀልባ አለን፤ በመዋጯችን የገዛናት። ሸራ አላት፣ ሞተር አላት፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ባለሙያ አላት። ባህር ያሳጣን አሁን ማን ነው? ጠላት ነው? መንግሥት ነው? ሦስት ፊርማ ነው!

(ጭብጨባውን ለድምጽ መስጫው አቆዩልኝ።)

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ጠላቂው ነው። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ይቆጠብ ተብሎ፣ ጀልባዋ ከውሃ ሳትወጣ በርካሽ የሚፍቅ ሰው ተቀጠረ። ስሙን አልጠራም። በብረት መፋቂያ ገባ። ቆሜ አየሁት። ከጀልባዋ ሥር ቀይ ደመና ወጣ። ያ ደመና ቀለማችን ነው፤ ገንዘባችንም ነው። በዚህ በዋሽንግተን ግዛት እንዲህ ያለውን ለስላሳ መርዛማ ቀለም ውሃ ውስጥ መፋቅ ክልክል ነው። መዳቡ ለባርናክል ብቻ ሳይሆን ለሳልመን ጫጩትም መርዝ ነውና። ሰውየው ሲጨርስ የዛጎሉ ቀለበት እንዳለ ቀርቷል፣ ቀለሙ ግን እስከ ጄልኮቱ፣ እስከ ፋይበርግላሱ የላይ ሽፋን ድረስ፣ ተልጧል። ለእጩ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም።

በምጽዋ እንዴት እንደሠራን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሙቀት፣ መርከብ ሥር ተጋድመን፣ በመሮና በመዶሻ። አቧራው ቀይ ነበር፤ ማታ ስንናፈጥም ቀይ ነበር። ጭንብል የሚባል አላየንም። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ለመርከብ ይቀባ ከነበረው ቀለም ብዙው የቆርቆሮ ውህድ ነበረበት። ቲቢቲ ይሉታል። ፈረንሳይ አርካሾን ባሕረ ሰላጤ ላይ ኦይስተሮቹን አጣሞ እርባታውን አከሰረ። ፈረንሳዮች በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከሉት። አሜሪካ በ1988 ተከተለች። ዓለም አቀፉ ስምምነት በ2001 ተፈርሞ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። እነዚህ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኛ በአፍንጫችን የሳብነው ምን እንደነበረበት የነገረን የለም። ስለዚህ ልጆች፣ ጭንብል ሳታደርጉ ቀለም እንድትፍቁ አልፈቅድም። በደረቁም አትፍቁም። ብርጭቆ ወረቀቱ ውሃ ይጠጣ።

አሠራሩን ባጭሩ ልበል። ጀልባዋ ከውሃ እንደወጣች፣ ሳትደርቅ፣ በግፊት ውሃ ትታጠባለች። አተላውና ትንንሹ ያኔ በቀላሉ ይለቃል፤ ከደረቀ ግን ዕዳ ነው። ትልልቁን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከጎኑ ገፋ። ከላይ አትምቱት፤ ፋይበርግላሱን ትሰብሩታላችሁ። ቀጥሎ ቀለበቱ። እሱ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጣት ሲያልፍበት እስከማይሰማ ድረስ። የተላጠው ቦታ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ፣ ይቀባል። ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም፤ የውሃው መስመር፣ የኪሉ ፊትና መሪው ላይ ሦስተኛ ይጨመራል። በሁለት እጅ መካከል ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። አንብቡት። ይህ ሁሉ ከኤፕሪል በፊት ማለቅ አለበት፤ በዚህ ባህር እጮቹ በብዛት ቤት የሚፈልጉት ከጸደይ ጀምሮ ነው።

ከጀልባዋ ሥር የሚታሰረው፣ በራሱ እየተበላ ሌላውን ብረት የሚያድነው ዚንክ፦ አይቀባም። የቀባው ሰው ራሱን ያውቃል። ፕሮፔለሩ የራሱ ቀለም አለው፤ የሆዷን ቀለም እንዳትቀቡት።

በድምጽ ሞገድ ባርናክል ያባርራል የተባለውን መሣሪያ እንግዛ ያላችሁ አላችሁ። አንሸራታቹን የሲሊኮን ቀለም ያነሳችሁም አላችሁ። ሲሊኮኑ የያዘውን የሚጥለው ጀልባዋ በደንብ ስትፈጥን ነው። በሸራ ለምትንፏቀቅ፣ ያውም ለምትቆም ጀልባ አይሆንም። ገንዘባችንን እዚያ አናፍስስ።

ይልቅ ነጻ መድኃኒት አለን። ከ1917 በፈረንጅ ጀምሮ ባላርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀን የውሃ በር። በሩን አልፋችሁ ሌክ ዩኒየን ስትገቡ ውሃው ጨው የለውም። ባርናክል በሩን ዘግቶ ለቀናት ይታገሳል፤ ከዚያ ይሞታል። ቅርፊቱ ተጣብቆ ይቀራል፣ እሱን በእጅ ነው። ግን የሞተ አያድግም። በበልግ ጥቂት ሳምንት እዚያ ብናቆያት ምን ይጎድልብናል?

«ለአንዲት ዛጎል ይህን ያህል?» ለሚል፣ የአሜሪካ የባህር ኃይል አካዳሚው ማይክል ሹልትዝ በፈረንጅ 2007 አስልቶታል። ሆዷ በዛጎል ክፉኛ የተሸፈነ ፍሪጌት የተባለች የጦር መርከብ በ15 ኖት፣ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመጓዝ እስከ 86 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ትፈልጋለች። እኛማ ካያክ አለፈን።

ለድምጽ የማቀርበው ይህን ነው። አንደኛ፣ ሦስቱ ፊርማ ይሰረዝ። ቁልፉ ጀልባዋ ማረፊያ ላይ በኮድ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ የጀልባ ካርድ፣ ማለትም ጀልባ የመንዳት ትምህርት መጨረሱን የሚያሳይ ካርድ፣ ያለው አባል ሁሉ ኮዱን ይወቅ። ሁለተኛ፣ ዝናብም ቢሆን ጀልባዋ ከሁለት ሳምንት በላይ አትቁም። ሦስተኛ፣ ማርች ላይ ከውሃ ትውጣና በእጃችን እንሥራት።

የስም መመዝገቢያው ወረቀት ሻይ ማፍያው አጠገብ ነው። ጭንብልና ጓንት እኔ አመጣለሁ። የሥራ ልብስ ከየቤታችሁ ይምጣ፤ አሮጌ ይሁን፣ ቀለሙ ከጨርቅ አይለቅም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። እባክዎ፣ እጅ ይቆጠር።