ዋይ ብዬ አለፍኩት

ሜሮን፦ እሺ፣ ያንን የ«ዋይ» ጉድህን ዛሬ ታወራታለህ።

ሄኖክ፦ ትረሺዋለሽ ብዬ ነበር እኮ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ነው፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ ደቢያን ሊኑክስ ያለበት ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞቹን አፕግሬድ እያደረግኩ ነው። መሀል ላይ ቀጥ አለ። የዌብ ሰርቨሩ የኢንጂንኤክስ ዋናው ኮንፊግ፣ ማለትም የቅንብር ፋይሉ፣ ተነካክቷል፣ አዲሱን ላስገባ ወይስ ያንተን ላቆይ ይላል። ሳላነበው የዋይን ፊደል መትቼ፣ ዋይ ብዬ አለፍኩት።

ሜሮን፦ ዋይ እኮ «አዲሱን አስገባ» ነው። ዝም ብለህ ኢንተር ብትመታ ይሻልህ ነበር፣ ዲፎልቱ ኤን ስለሆነ ያንተን ያቆይልሃል።

ሄኖክ፦ አሁን ገብቶኛል! የሚያናድደው ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር አለመታየቱ ነው። ሳይቱ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰላም። በነጋታው ሰዎች ፋይል አልጫን አለን ማለት ጀመሩ። ትንንሹ ያልፋል፣ ተለቅ ያለው 413 እያለ፣ «ከልክ በላይ ትልቅ ነው» በሚለው የስህተት ቁጥር፣ ይመለሳል። እኔ የአፕሊኬሽኑን ኮድ ስበረብር ሁለት ሰዓት ፈጀሁ፣ ለካ የመጫኛ ጣሪያውን 50 ሜጋባይት ያልኩባት አንዲት መስመር ጠፍታለች። ካልነገርሽው ደግሞ ኢንጂንኤክስ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም።

ሜሮን፦ የድሮው ፋይል ግን ነበረ አይደል?

ሄኖክ፦ አጠገቡ ቁጭ ብሏል! ስሙ ጫፍ ላይ «ዲፒኬጂ-ኦልድ» ተለጥፎበት።

ሜሮን፦ ዲፒኬጂ፣ ደቢያን ላይ ፓኬጅ የሚባሉትን የፕሮግራም ጥቅሎች የሚጭነው፣ ዝም ብሎ አይጠይቅም እኮ። ሲጭን የፋይሉን ኤምዲ5፣ እንደ አሻራ ያለ ኮድ፣ ይመዘግባል። ካልነካኸው በአዲሱ ይተካዋል፣ አንተ ነክተኸው ፓኬጁ ጋ ካልተቀየረ ዝም ይላል። ሁለታችሁም ከቀየራችሁት ነው የሚጠይቅህ። ስለዚህ ጥያቄው ከመጣ «ዲ» በል፣ ልዩነቱን መስመር በመስመር ያሳይሃል።

ሄኖክ፦ የእነ ፌዶራና ሬድ ሃት መጫኛ አርፒኤምስ? እሱ ሲጠይቀኝ አላስታውስም።

ሜሮን፦ አይጠይቅም። ፓኬጁን የሠራው ሰው «ኖሪፕሌስ» ካለው ያንተ ይቆይና አዲሱ «አርፒኤምኒው» ተብሎ ይቀመጣል። ካላለው ያንተው ነው «አርፒኤምሴቭ» ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋው። የአርች ሊኑክስ መጫኛ ፓክማንም አይጠይቅም፣ ሁለታችሁም ከቀየራችሁት አዲሱን «ፓክኒው» ብሎ ይተውልሃል።

ሄኖክ፦ ታዲያ ሁሌ ኤን ማለት ነዋ።

ሜሮን፦ እሱም ያስበላሃል። አዲሱ ቨርዥን የማያውቀው ቃል በድሮው ፋይል ውስጥ ካለ ሰርቪሱ አይነሳም። ሪስታርት ከማድረግህ በፊት «ኢንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ» ብለህ አስፈትሸው።

ሄኖክ፦ እኔ አሁን ዋናውን ፋይል መንካት ትቻለሁ። ያቺን የ50 ሜጋ መስመር ለብቻዋ ትንሽ ፋይል ከፍቼ ኮንፍ ዶት ዲ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳት። ዋናው ፋይል ያልተነካ ስለሆነ አፕግሬድ ሲመጣ ጥያቄም የለ።

ሜሮን፦ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም ላይ ያው ነው። ሰው ዩኤስአር ሊብ ፎልደር ውስጥ ገብቶ የሰርቪሱን ፋይል ያርምና ከአፕግሬድ በኋላ ጠፋብኝ ይላል። እዛ ያለው የፓኬጁ ነው፣ ሳይጠይቅህ ይደመስሰዋል። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብትለው ለውጡን ኢቲሲ ፎልደር ስር ለብቻው ያስቀምጥልሃል። ለመሆኑ ሰርቨርህ ላይ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚሉ ፋይሎች ፈልገህ ታውቃለህ? ኤን ባልክ ቁጥር የሚቀሩት?

ሄኖክ፦ ቆይ፣ አሁን ልየው... 11።

ሜሮን፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሄኖክ፦ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።