ዋልትዝ እና የጥንድ ዳንስ ደስታ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ወደ ዕለቱ አጀንዳ ከመግባታችን በፊት ሁላችንን ስላሰባሰበን ስለ ዋልትዝ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ዋልትዝ ዛሬ የጨዋነት ምልክት ሆኖ ይታይ እንጂ አጀማመሩ እንዲያ አልነበረም። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ገጠሮች ሌንድለር የሚባል ባለ ሦስት ምት ጭፈራ ነበርና፣ ዋልትዝ ከዚያው ወጥቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ከተማ አዳራሾች ሲገባ፣ ሚኑዌት በሚባለው የቀድሞ የቤተ መንግሥት ዳንስ እጅ ለእጅ ከመያያዝ ያላለፉትን ጥንዶች ፊት ለፊት አስተቃቅፎ አሽከረከራቸው። እ.ኤ.አ. በ1814 እና በ1815 ከናፖሊዮን ጦርነቶች በኋላ ስለ አውሮፓ ለመምከር ለተጠራው የቪየና ጉባኤ የተሰበሰቡት መሳፍንትና ዲፕሎማቶች በየግብዣው ዋልትዝ ደነሱ፤ በ1816 ደግሞ የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ዳንሱ በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ መታየቱን አጥብቆ አወገዘ። ውግዘቱ ግን ማንንም ከአዳራሹ አላስቀረም።

ይህን ያህል ዘመን ያቆየው፣ እኔ እንደማምነው፣ የምቱ ጥበብ ነው። ሰው ሁለት እግር አለው፤ ሙዚቃው ግን የሚቆጠረው በሦስት ስለሆነ፣ ጠንካራው የመጀመሪያ ምት በአንዱ ባር፣ ማለትም በአንዱ የሦስት ምት ዙር፣ በቀኝ እግር ላይ ካረፈ በሚቀጥለው በግራ ላይ ያርፋል፤ ሰውነትም ሳይታወቀው ወደ መዞር ያደላል። በዝግተኛው ዋልትዝ ወደፊት የሚራመደው ዳንሰኛ በመጀመሪያው ምት ተረከዙን ያሳርፋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው በእግሩ ጣቶች ላይ ከፍ ይልና ሦስተኛው ሲያልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጀማሪዎች በደቂቃ 60 ባር ገደማ የሚሮጠውን የቪየና ዋልትዝ ይፈራሉ፤ በእኔ ግምት ግን የሚከብደው በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር የሚጓዘው ዝግተኛው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ላይ ሚዛንን ጠብቆ መቆየት ከፍጥነት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉልበት ሲቀንስ ደስታው የማይቀንሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

መሪው አቅጣጫውን የሚያሳውቀው በክንዱ ገፍቶ ሳይሆን ክብደቱን በማዛወር ነው፤ ተከታዩም ያንን ሰምቶ ይመልሳል። ይህ መደማመጥ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ አባላት በዘንድሮው የልምምድ ምሽቶች ከተለመደው ጥንዳችሁ ጋር ብቻ ሳትወሰኑ፣ ዳር ይዘው ከሚቆሙት አዳዲስ አባላት ጋር በየምሽቱ ቢያንስ አንድ ዋልትዝ እንድትደንሱ በማኅበሩ ስም አደራ እላለሁ።

ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።