ሥልጠናው ከትምህርቱ ይጀምር

የተከበራችሁ የመምህራን አሠልጣኞች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ ጠዋት ክፍል የምትገቡ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ?

የተጋበዝኩት ስለ ኮምፒውተርና ስለ መምህራን ሥልጠና እንድናገር ነው። የምጀምረው ግን ከሁለት አምፖልና ከአንድ ባትሪ ነው።

ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ከባትሪ ጋር ተያይዘዋል እንበል። ተማሪዎቻችሁን «የትኛው አምፖል ይበልጥ ይበራል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ «የመጀመሪያው» ይሏችኋል። ምክንያታቸውንም ያስረዷችኋል፦ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ ከፊሉን እሱ ይጨርሰዋል፤ ለሁለተኛው የሚተርፈው ቀሪው ነው። መልሱ ስህተት ነው፤ ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ነገር ግን ይህ የሰነፍ ተማሪ ስህተት አይደለም። የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ደጋግመው ያገኙት፣ ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሳይቀር የሚወድቅበት ስህተት ነው። ልጁ በራሱ አእምሮ አስቦ፣ አመዛዝኖ የደረሰበት ሐሳብ ስለሆነ «ተሳስተሃል» ስላልነው ብቻ አይለቀውም።

አሁን ኮምፒውተሩን እናምጣው።

ማሠልጠን በጀመርኩባቸው ዓመታት የምሰጠው ሥልጠና አምስት ቀን የሚፈጅ ነበር። ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሰንጠረዥ መሥራት፣ በመጨረሻም ስላይድ ማዘጋጀት። በአምስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት እንሰጥና እንለያያለን። ከሠልጣኞቹ መካከል አንዲት ጎበዝ የፊዚክስ መምህርት ነበረች። ከወራት በኋላ ክፍሏ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። የምታስተምረው ይህንኑ የኤሌክትሪክ ዑደት ነበር። ስላይዶቿ ያማሩ ናቸው፤ ቀስቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ትርጓሜው በትልቁ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ከግድግዳው ላይ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። ክፍለ ጊዜው አለቀ። ስለ አምፖሎቹ ማንም አልጠየቀም፤ ማንምም አልተጠየቀም። ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጡ የነበሩት ልጆች አሁን ከፕሮጀክተር ገለበጡ፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ገባኝ። እሷ የሠራችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። እኔ ያስተማርኳት ደግሞ ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ ትምህርት አልነበረም።

ያው ትምህርት በሌላ መንገድ እንዴት ሊሄድ እንደሚችል ልንገራችሁ። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት ፌት የተባለ ፕሮጀክት አለ፤ በኮምፒውተር የሚሠሩ ምናባዊ ቤተ ሙከራዎችን በነፃ ያቀርባል። አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከመካከላቸው የኤሌክትሪክ ዑደት የሚገጣጠምበት አለ። መምህርቷ ገና አልከፈተችውም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ከነምክንያቱ በወረቀት ይጽፋል። ከዚያ እጅ ያወጣሉ፤ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል። ከጎን ካለው ጋር ይከራከራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ትከፍተዋለች፤ ጅረት መለኪያውን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ ከሁለቱ መካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ ታስቀምጣለች። ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ክፍሉ ፀጥ ይላል። አንድ ልጅ «ታዲያ የሚያልቀው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የትምህርቱ እምብርት ይህች ጥያቄ ናት። ስለ ጅረትና ስለ ኃይል ልዩነት ማስተማር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

መምህርቷ እዚህ ጋ ስንት ነገር ማወቅ እንደነበረባት አስቡ። ፊዚክሱን ማወቅ አለባት። ልጆች የት እንደሚሰናከሉ ማወቅ አለባት። መሣሪያው የቱን እንደሚያሳይ፣ የቱን ደግሞ እንደሚያዛባ ማወቅ አለባት። ያዛባልና! በስክሪኑ ላይ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ትንንሽ ኳሶች ሲፈስሱ ይታያሉ፤ ልጁ በእውነተኛው ሽቦ ውስጥም እንደዚያ የሚሮጡ ይመስለዋል። በተለመደ ሽቦ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖች ወደፊት የሚጓዙት በሰከንድ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ይህን የማታውቅ መምህርት አንዱን የተሳሳተ ሐሳብ ነቅላ ሌላ ትተክላለች። እውነተኛ አምፖልና ባትሪ ካላት ደግሞ እነሱንም ጎን ለጎን ብታሳይ እመርጣለሁ፤ በእጅ የተነካ ነገር ምትክ የለውም።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያስገነዘቡት የዚህን ግማሽ ነበር፦ ትምህርቱን ማወቅና ማስተማርን ማወቅ ተነጣጥለው የሚቆሙ ሁለት ነገሮች ብቻ አይደሉም፤ ያንን የተወሰነ ትምህርት ለማስተማር የሚያስፈልግ፣ ሁለቱ የተዋሃዱበት ሌላ ዕውቀት አለ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሌሎች ሁለት የትምህርት ተመራማሪዎች፣ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኬለር፣ ቴክኖሎጂን ጨመሩበት። የቴክኖሎጂ ዕውቀት ለብቻው ተሰጥቶ ከዚያ «አዋህዱት» ተብሎ መምህሩ ላይ የሚጣል ነገር አለመሆኑን አሳዩ። እኛ አሠልጣኞች ግን ዛሬም በአብዛኛው ይህንኑ እናደርጋለን። ክፍሎቹን ለየብቻ እንሰጥና መገጣጠሙን፣ ያውም ከሁሉም የሚከብደውን ሥራ፣ ለደከመው መምህር እንተዋለን።

ይህ ስህተት አዲስ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ ፊልም በቅርቡ በትምህርት ቤት መጻሕፍትን እንደሚተካ ተንብዮ ነበር። ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር፤ ተስፋው ሁልጊዜ በዕቃው ላይ ተጣለ። በፔሩ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው መርሐ ግብር በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆኗል። ልጆቹ ኮምፒውተር በብዛት አገኙ፤ ከ15 ወር ገደማ በኋላ ግን በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ለውጥ አልታየም። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ጥራትም እንደተሻሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ ለትምህርት ቴክኖሎጂ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ውጤት የጎላ መሻሻል እንዳላሳዩ ገልጿል። እነዚህን የማነሳው ኮምፒውተር አይጠቅምም ለማለት አይደለም። የምናገረው እንደሚጠቅም አይቼ ነው። የጠቀመበትን ክፍል ሁሉ ሳስታውስ ግን ፊት ለፊቴ የሚመጣው መምህሩ ነው።

እንግዲህ ሥልጠናው እንዴት ይሁን?

በትምህርት ዓይነት ይከፈል። የሒሳብ፣ የታሪክና የቋንቋ መምህራንን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ስለ «ቴክኖሎጂ» በጅምላ ማሠልጠን ይቅር። የሒሳብ መምህሩ የሚያስፈልገው ተማሪዎቹ የኳድራቲክ ፋንክሽን ግራፍ ለምን እንደሚገለበጥ፣ ለምን እንደሚጠብና እንደሚሰፋ እንዲያዩለት ነው። ማርኩስ ሆኸንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ጂኦጂብራ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቁጥሩን ስታንሸራትት ግራፉ ዓይንህ እያየ ይለወጣል። የቋንቋ መምህርቷ ችግር ሌላ ነው፤ ተማሪዎቿ አንዴ የጻፉትን ተመልሰው ማረም አይወዱም። ለሷ አንድ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ አንቀጽን ከቦታ ቦታ ማዘዋወርና በኅዳግ አስተያየት መስጠት፣ ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ይበልጣል። የታሪክ መምህሩ ደግሞ ልጆች ያገኙትን ሁሉ እንዳያምኑ፣ የአንድን ምንጭ ማንነት ከሌሎች ምንጮች ጋር እያስተያዩ እንዲመረምሩ ማስተማር ይፈልጋል። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥልጠና መስጠት ሦስቱንም መበደል ነው።

ሠልጣኙ ሲመጣ በሚቀጥለው ወር የሚያስተምረውን፣ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚቸገሩበትን አንድ ትምህርት ይዞ ይምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጆቹ የማይገባቸው ምኑ ነው?» ይሁን። ሁለተኛው፣ «ኮምፒውተር እዚህ ጋ ያግዛል ወይስ አያግዝም?» የሚለው ይሁን። «አያግዝም» የሚለው መልስ እንደ ሽንፈት እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ። በጠመኔ የተሻለ የሚሆነውን ለይቶ የሚያውቅ መምህር በደንብ የሠለጠነ መምህር ነው። ከዚያ ያዘጋጀውን ትምህርት ለባልደረቦቹ ያስተምር፤ እነሱም እንደ ተማሪ ሆነው ይጠይቁት፣ ይሳሳቱለት። መሐል ላይ መብራቱ ቢጠፋስ? ፕሮጀክተሩ እምቢ ቢልስ? ያለ ማሽኑ የሚቀጥልበትን መንገድ ዕቅዱ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ስለ ማሽን ቁጥር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። በክፍሉ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው መምህር ብዙ መሥራት ይችላል፤ የአምፖሎቹን ትምህርት ያሳየኋችሁ በአንድ ማሽን ነው። ሦስት ተማሪ ለአንድ ኮምፒውተር ከሆነም አንዱ ያንቀሳቅስ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ይጠይቅ፤ በየአሥር ደቂቃው ይለዋወጡ። ይህ ካልተደረገ ደፋሩ ልጅ ማውሱን ይይዝና ሁለቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። እንዲህ ያለውን የክፍል አያያዝ ከየትኛውም የሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ አታገኙትም፤ ሥልጠናችን ግን ሊያስተምረው ይገባል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሥልጠናው አዳራሹ ውስጥ አያልቅም። የመምህራን ሥልጠናን ያጠኑት ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያስተማሩን ይህንን ነው፦ ንድፈ ሐሳብ መስማትና ሲሠራ ማየት ብቻውን ወደ ክፍል አይሻገርም፤ መምህሩ ሲሞክረው አጠገቡ ሆኖ የሚያግዘው ሰው ያስፈልገዋል። በሙከራው የመጀመሪያ ቀን ነገሮች ይበላሻሉ። የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ይጠፋል፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ ሃያ ደቂቃ ይባክናል። ብቻውን የሆነ መምህር በዚያ ቀን «ሁለተኛ አልሞክርም» ብሎ ይወስናል፤ አልፈርድበትም። በሚቀጥለው ቀን ሻይ እየጠጡ «የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ሐሙስ እንደገና እንሞክረው» የሚለው ባልደረባ ካለ ግን ይሞክራል። ስለዚህ ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ብቻ አትላኩ፤ ሁለት ላኩ። የአምስቱን ቀን በጀት በታትኑት፦ ሁለት ቀን መጀመሪያ፣ የቀረው በዓመቱ ውስጥ ለክፍል ጉብኝት።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1985 በጀመረው የክፍል ምርምር ውስጥ የነበሩ መምህራን በመጀመሪያ አዲሱን ማሽን የተጠቀሙበት የድሮውን አስተማመር ለመደገፍ ነበር፤ አስተማመራቸው ራሱ መለወጥ የጀመረው ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስላይድ የምታሳየዋን መምህርት አንናቃት። መንገድ ጀምራለች፤ የሚያስፈልጋት ቀጣዩን እርምጃ የሚያሳያት ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መምህራን በተማሪ ፊት ማሽን ሲያቅታቸው የሚሰማቸውን እፍረት ቀላል አታድርጉት። ዕድሜ ልኩን «አዋቂ» ሆኖ የቆመ ሰው አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲያርመው ይከብደዋል። «አላውቀውም፤ አሳየኝ» ማለት የሚቻልበት ትምህርት ቤት የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ። ለመዘጋጃ የሚሆን ክፍት ክፍለ ጊዜም ስጧቸው። ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ የማይወጣ ከሆነ ያሠለጠናችሁት መምህር የተማረውን ይረሳዋል።

የመምህራን ኮሌጆችም አሉበት። ዕጩ መምህር የሚያስተምረው እንደተማረው ነው። የሥነ ዘዴ መምህሩ ራሱ ከስላይድ እያነበበ «አሳታፊ ትምህርት» ካስተማረ፣ ዕጩው የሚይዘው ንባቡን ነው። ዩኔስኮ የመምህራንን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ ሦስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣ 18 ብቃቶችን ዘርዝሯል፤ ከመሣሪያ አጠቃቀም አልፎ ሥርዓተ ትምህርትን፣ ምዘናን፣ ሥነ ማስተማርንና የትምህርት ቤት አስተዳደርን ይነካል። ኮሌጆቻችን ኮርሶቻቸውን ከዚህ ጋር ቢያስተያዩ ጥሩ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቃችሁ አይቀርም። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ልጆች ከኛ ቀድመው ገብተውበታል። መምህራን ራሳቸው ይሞክሩት፤ በሚያውቁት ትምህርት ይጠይቁትና ስህተቱን ይፈልጉ። አሳማኝ በሆነ ቋንቋ ሲሳሳት በዓይኑ ያየ መምህር ለተማሪዎቹ ምን መንገር እንዳለበት ያውቃል። የተማሪ ስምና ውጤት ግን በፍጹም አያስገቡበት።

የሥልጠናችንን ውጤት የምንቆጥረው እስካሁን በምስክር ወረቀት ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ የኔ ቡድን የሚቆጥረው ሌላ ነው፦ ከሥልጠናው በኋላ ስንት መምህራን ያዘጋጁትን ትምህርት በክፍል አስተማሩ፣ ስንቶቹ አሻሽለው ደገሙት፣ ተማሪዎቹስ የማይገባቸው የነበረው ገባቸው ወይ። ቁጥሩ መጀመሪያ ትንሽ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ትንሽም ቢሆን ይዘነው እንመጣለን።

ከሰዓት በኋላ በየትምህርት ዓይነታችሁ ተከፋፍላችሁ ትቀመጣላችሁ። ኮምፒውተሮቹ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት አይከፈቱም። በወረቀት ላይ፣ ተማሪዎቻችሁ የሚሰናከሉበትን አንድ ትምህርትና የሚሰጡትን የተሳሳተ መልስ በራሳቸው አነጋገር ጻፉልን። ሥራችንን የምንጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።

አመሰግናለሁ።