ሳይጠየቅ እጁን የዘረጋው ልጅ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ልጅ ላውራችሁ።

ማታ ነው። ከሥራ እየተመለስኩ ነው። ፖሊሶች መንገድ ላይ ይፈትሻሉ። ከፊቴ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ አለ። ገና "ቁም" ሳይሉት ቦርሳውን ከፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እጁን ዘረጋ፣ እግሩን ከፈት አደረገ። አልተናደደም፣ አልፈራም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው። ፈተሹት፤ ምንም የለም። ተራው የእኔ ሆነ። "ጌታዬ፣ ይለፉ" አሉኝ። ኮት ስለለበስኩ ይሆን? እንጃ። ያኔ ደስ ነው ያለኝ፣ አልዋሽም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የዚያ ልጅ ስልክ ነገ ቢሰረቅ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል? ሰው ሲወጋ ቢያይ ይመሰክራል? አይመስለኝም። ወንጀለኛ የሚያዘው ደግሞ ባብዛኛው ያየ ሰው ሲናገር ነው። ሰው አፉን ሲዘጋ ፖሊሱ የሚቀረው ግምት ነው። በልብስ፣ በመልክ፣ በሰፈር ይገምታል። በተገመተበት ቁጥር ሰው የባሰ ዝም ይላል።

ይህ ሲሆን የታየበት ቦታ አለ፤ ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1981። ሥራ አጥነት የበዛበት፣ ብዙ ጥቁር ወጣቶች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ዘረፋ በዛ ተባለና ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ተሰማሩ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ 943 ሰው አስቁመው ፈተሹ። የታሰሩት 118 ናቸው። ከ800 በላይ ሰው በባዶ ሜዳ ቆመ ማለት ነው። የዘመቻው ስም "ስዋምፕ 81" ነበር፤ ረግረግ እንደማለት። ሰው የሚኖርበትን ሰፈር! በዚያው ሳምንት መጨረሻ ብሪክስተን በሁከት ነደደ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ስካርማን ድህነቱንም፣ አድልዎውንም፣ የፖሊስ አሠራሩንም አንድ ላይ አነሱ። በ1984 የወጣው ሕግ ፖሊስ ለመፈተሽ በቂ ምክንያት እንዲኖረውና ፍተሻውን እንዲመዘግብ አስገደደ።

ሁሉንም ፖሊስ ላይ መደፍደፍ ግን አይዋጥልኝም። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀድሞ የሚገፋው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ያባርረዋል፣ ቀጣሪው አድራሻውን አይቶ ማመልከቻውን ወደ ጎን ያደርገዋል። ፖሊሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ዱላ ይዞ።

ያን ማታ ልጁ ቦርሳውን አንስቶ ሲሄድ ዚፑን አልዘጋውም። ረስቶት መስሎኝ ልጠራው አልኩ። ቀና ስል ማዶ ጥጉ ላይ ሌላ የፖሊስ መኪና ቆሟል።